«ፈሳሽ ነዋ ቲቸር!» ከማለታችሁ በፊት፦ (ኤል) እና (ኤኪው)ን መለየት

ፈተና ሳርም ቀይ እስክሪብቶዬን ቶሎ ከሚጨርሱብኝ ነገሮች አንዷ ቅንፍ ውስጥ የምትገባው ትንሽ ፊደል ናት። ተማሪው ኢኩዌሽኑን በደንብ ባላንስ ያደርጋል፣ ቀመሮቹን አንድም ሳይስት ይጽፋል፣ ከዚያ እንዲህ ያደርግልኛል፦

ሃይድሮክሎሪክ አሲድ (ኤል) + ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ኤል) → ሶዲየም ክሎራይድ (ኤል) + ውሃ (ኤል)

ለምን ስለው መልሱ ዝግጁ ነው። «ፈሳሽ ነዋ ቲቸር! ሁሉም እኮ ቢከር ውስጥ ይፈስሳል።» እውነቱን ነው፣ ይፈስሳል። ምልክቷ የምትጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ከአራቱ (ኤል) የሚገባው ውሃው ብቻ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ (ኤኪው) ናቸው።

እዚህ ቀመሮቹን በስማቸው፣ ምልክቶቹን ደግሞ ክፍል ውስጥ እንደምንጠራቸው ነው የምጽፈው፦ ኤስ ለጠጣር፣ ኤል ለፈሳሽ፣ ጂ ለጋዝ፣ ኤኪው ውሃ ውስጥ ለሟሟ። ደብተራችሁ ላይ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ትጽፏቸዋላችሁ። ኤስና ጂ ያን ያህል ስለማያስቸግሩ ብዙ አላወራላቸውም።

መጠየቅ ያለበት ጥያቄ

ምልክቱን ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ቢከሩ ውስጥ የሚፈስሰው ማን ነው? ስሙን የጻፍኩት ነገር ራሱ ነው ወይስ ውሃው? የሚፈስሰው ነገሩ ራሱ ከሆነ (ኤል)፤ የሚፈስሰው ውሃው ሆኖ ነገሩ ውስጡ ሟሙቶ ካለ (ኤኪው)። ሟሚው ተሳፋሪ ነው፤ የሚሄደው መኪናው፣ ማለትም ውሃው ነው።

በሶዲየም ክሎራይድ ጠጋ ብለን እንየው። ተራውን ጨው ውሃ ውስጥ ስትጨምሩት ክሪስታሉ ይፈርሳል። እያንዳንዱ የሶዲየም አዮን ከክሎራይድ ጎረቤቱ ተለይቶ በውሃ ሞሎኪዩሎች ይከበባል። ውሃዎቹ ወደ ሶዲየሙ የሚያዞሩት አሉታዊ ዝንባሌ ያለውን የኦክስጅን ጎናቸውን ነው፤ ወደ ክሎራይዱ ደግሞ የሃይድሮጅን ጎናቸውን። (ኤኪው) የሚለው ምልክት ይህን ሁሉ አጀብ በአንድ ቅንፍ ያጠቃልላል። ሶዲየም ክሎራይድ (ኤል)ስ? እሱን ለማየት ደረቁን ጨው እስከ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሞቅ አለባችሁ። ያኔ ይቀልጣል፣ እንደ ውሃም ይፈስሳል፤ ግን አንድም የውሃ ሞሎኪዩል የለበትም። አዮኖቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው ነው የሚንሸራተቱት። ስለዚህ ያ ተማሪ ሶዲየም ክሎራይድ (ኤል) ሲጽፍልኝ ሳያውቀው ጠረጴዛዬ ላይ እሳት የመሰለ የቀለጠ ጨው አስቀምጧል።

መሟሟትና መቅለጥን አትቀላቅሉ። ለመሟሟት አሟሚ ያስፈልጋል፤ ለመቅለጥ የሚያስፈልገው ሙቀት ብቻ ነው። «ስኳሩ ውሃ ውስጥ ቀለጠ» ማለት ለወሬ ይሆናል፤ ኢኩዌሽን ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ዴቪ የከፈለው ዋጋ

ልዩነቱ የፊደል ጨዋታ ለሚመስላችሁ የእንግሊዛዊውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ታሪክ ልንገራችሁ። በ1807 ለንደን ውስጥ ዴቪ በኤሌክትሪክ ተጠቅሞ ፖታሽን ለመበታተን ተነሳ። ዛሬ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የምንለው መሆኑ ነው። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ አሟሙቶ ሞከረው፤ ማለትም (ኤኪው)። ያገኘው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ብቻ ነበር። ኤሌክትሪኩ ውሃውን ይበታትናል እንጂ ፖታሲየሙን አይነካውም። ከዚያ ውሃውን ትቶ፣ አየር ላይ ትንሽ እርጥበት የሳበ ጠጣር ፖታሽ ላይ ኤሌክትሪኩን ለቀቀበት። ጠጣሩ ሽቦዎቹ በነኩት ቦታ መቅለጥ ጀመረ፤ በአሉታዊው ጫፍም ሜርኩሪ የመሰሉ የሚያብረቀርቁ ጠብታዎች ብቅ አሉ፤ አንዳንዶቹም ብቅ ከማለታቸው ይነዱ ነበር። ፖታሲየም ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እንዲህ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በተመሳሳይ መንገድ ሶዲየምን አወጣ።

ይኸው ነገር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መበታተን (ኤሌክትሮሊሲስ)፣ ዛሬም ፈተና ላይ ይመጣል፦

ሶዲየም ክሎራይድ (ኤል) በኤሌክትሮሊሲስ → ሶዲየም (ኤል) + ክሎሪን (ጂ)

ሶዲየም ክሎራይድ (ኤኪው፣ ኮንሰንትሬትድ) በኤሌክትሮሊሲስ → ሃይድሮጅን (ጂ) + ክሎሪን (ጂ)፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ኤኪው) እዚያው ሙሙቱ ውስጥ ይቀራል

ቅንፉ ውስጥ ያለው ሲቀየር ውጤቱ ሌላ ሆነ። በነገራችን ላይ በመጀመሪያው መስመር ሶዲየሙም (ኤል) መሆኑን ልብ አላችሁ? ሶዲየም 98 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ያ ሁሉ ሙቀት ባለበት ዕቃ ውስጥ ጠጣር ሆኖ አይገኝም። ምልክት የሚጻፈው ሪአክሽኑ በሚካሄድበት ሙቀት ላለው ሁኔታ ነው።

(ኤል) የሚገባቸው ጥቂቶች ናቸው

ፈተና ላይ ስለ ሙቀት ምንም ካልተባለ 25 ዲግሪ ብላችሁ ውሰዱት። በዚህ ሙቀት ፈሳሽ የሆኑ ንጥረ ነገሮች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ብሮሚንና ሜርኩሪ። (ጋሊየም በ30 ዲግሪ ግድም ይቀልጣል፤ እጅ መዳፍ ላይ ይፈስሳል፤ ግን 25 ላይ ጠጣር ነው።) ከውህዶች ደግሞ ውሃ፣ ኢታኖል፣ ሄክሴን፣ ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን ውህዱ)፣ አሴቶን እና ሌሎች ሞሎኪዩላዊ ውህዶች አሉ። አዮናዊ ውህድ ከሆነ ግን፣ ማለትም ብረታ ብረት ከኢብረታ ብረት ጋር የተጣመረበት ከሆነ፣ ቀልጧል ካልተባላችሁ በስተቀር (ኤል) አትጻፉለት። ይህቺ ብቻ ከማያቸው ስህተቶች ግማሹን ትጠርግ ነበር።

ውሃ ራሱ ደግሞ (ኤኪው) አይሆንም። ራሱ ውስጥ ሊሟሟ አይችልም። ሙሙት ውስጥ ቢሠራም፣ ሙሙት ውስጥ ቢያልቅም (ኤል) ነው፤ ከተነነ (ጂ)።

ጠርሙሱን አንብቡ

አሲዶች ላይ ሁሉም ይደናበራል፤ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። የምመክረው የጠርሙሱን ወረቀት ማንበብ ነው።

ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። ኮንሰንትሬትድ የሚባለው ጠርሙስ ላይ 37% ገደማ ተጽፎ ታያላችሁ። ይህ ማለት ከ100 ግራሙ 63ቱ ውሃ ነው። «ኮንሰንትሬትድ ስለሆነ (ኤል) ነው» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል፤ አይሠራም። የቱንም ያህል ቢወፍር ውሃ ውስጥ የሟሟ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ነውና (ኤኪው) ነው። ሃይድሮጅን ክሎራይድ ብቻውን ሲሆን ጋዝ ነው፤ ፈሳሽ እንዲሆን ከ85 ዲግሪ በታች፣ እሱም ከዜሮ በታች 85፣ መቀዝቀዝ አለበት።

ናይትሪክ አሲድ። የተለመደው ኮንሰንትሬትድ 68% ግድም ነው። ሲሶው ውሃ ነው፤ (ኤኪው)።

ሰልፈሪክ አሲድ። ይሄ ግን 98% ነው። ከሞላ ጎደል አሲዱ ራሱ ነው የሚፈስሰው፤ ስለዚህ ኮንሰንትሬትድ ሲባል (ኤል) ይጻፍለታል፣ ውሃ ተጨምሮበት ሲቀጥን (ኤኪው)። ጠባያቸውም ይለያያል፦ የቀጠነው ብረት ላይ ሲፈስ ሃይድሮጅን እያፈላ ይበላዋል፤ ኮንሰንትሬትዱ ግን በብረት ታንከር ሲጓጓዝ ይኖራል፣ ብረቱ ላይ ተከላካይ ሽፋን ስለሚፈጥር። ከ(ኤል) ወደ (ኤኪው) ስታሻግሩት የሚወጣው ሙቀት ውሃ ያፈላል፤ አሲዱን ወደ ውሃው ቀስ እያሉ መጨመር እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አይደለም የምንለው ለዚሁ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲያዛባ ያየሁትን ሰው ወዲያው ነው የማስወጣው፤ ከዚህ በላይ የምቆጣበት ነገር የለም።

አሴቲክ አሲድ። አቼቶ ውስጥ ያለው (ኤኪው) ነው። ውሃ አልባው፣ ግላሺያል የሚባለው፣ (ኤል) ነው፤ ክፍሉ ከ16.6 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ ደግሞ ጠርሙሱ ውስጥ እንደ በረዶ ረግቶ (ኤስ) ይሆናል። ግላሺያሉ ውስጥ አምፖል የተያያዘበት ሁለት ሽቦ ብትነክሩ አምፖሉ አይበራም። ውሃ ስትጨምሩበት አዮኖች ይፈጠራሉ፣ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍም ይጀምራል። አሲድ አሲድነቱን የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ (ኤኪው) ሲሆን ነው።

አሞኒያም እንዲሁ ነው። ጠርሙስ ውስጥ የሚሸተው አሞኒያ (ኤኪው) ነው፤ አሞኒያ (ኤል) ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ሌላ ነገር ነው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቁስል ማጠቢያው 3% ነው፤ (ኤኪው)።

ምልክቷን ይዛችሁ ስሌት ውስጥ ግቡ

ምልክቷን እንደ ጌጥ ለሚያያት ተማሪ ይህን ነው የማሳየው። «25 ሚሊሊትር ኢታኖል ስንት ሞል ነው?» ኢታኖሉ (ኤል) ከሆነ መንገዱ በእፍጋት ነው። እፍጋቱ በሚሊሊትር 0.789 ግራም ነው፤ 25 ስታባዙት 19.7 ግራም ይሆናል፤ ለ46.1 ስታካፍሉት 0.428 ሞል። ኢታኖሉ (ኤኪው) ከሆነ ግን በእፍጋት ብትሄዱ የምትቆጥሩት ውሃውንም ጨምራችሁ ነው። የሙሙቱን ኮንሰንትሬሽን ትፈልጋላችሁ፤ በሊትር 0.1 ሞል ነው ከተባላችሁ 0.025 ሊትር ሲባዛ በ0.1፣ 0.0025 ሞል። አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት መጠን፣ መልሱ ግን ከ170 እጥፍ በላይ ይራራቃል። ስለዚህ ጥያቄው ላይ (ኤል) ስታዩ እፍጋት፣ (ኤኪው) ስታዩ ኮንሰንትሬሽን ፈልጉ። አንዱ ካልተሰጣችሁ ሌላው መሰጠቱን አረጋግጡ፤ ጥያቄ አውጪው ብዙ ጊዜ ፍንጩን እዚያ ነው የሚያስቀምጠው።

የሙቀት ስሌት ላይም ያው ነው። ሚቴን ሲቃጠል የሚወጣው ውሃ (ኤል) ከተባለ በሞል 890 ኪሎጁል ይወጣል፤ (ጂ) ከተባለ 802። ልዩነቱ ሁለት ሞል ውሃ ለመትነን የሚፈልገው ኃይል ነው፣ በሞል 44። ለ(ኤኪው)ም የራሱ ቁጥር አለው፦ የሃይድሮጅን ክሎራይድ የምስረታ ኢንታልፒ በጋዝነቱ −92.3 ሲሆን ውሃ ውስጥ ሲሟሟ −167.2 ነው። ከሰንጠረዡ ስታነብቡ ቅንፉን ሳታዩ ቁጥር አትገልብጡ።

ኢኩሊብሪየም የደረሳችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፦ (ኤኪው) የሆነው ኬ (የኢኩሊብሪየም ኮንስታንት) ውስጥ ይገባል፤ ንጹህ ፈሳሽ ወይም አሟሚ የሆነው (ኤል) አይገባም። አሞኒያ (ኤኪው) ከውሃ (ኤል) ጋር ሲመጣጠን ውሃውን አንጽፈውም፣ በሊትር 55 ሞል ገደማ ሆኖ ስለሚቆይ። ነገር ግን አሴቲክ አሲድ (ኤል) ከኢታኖል (ኤል) ጋር ኢስተርና ውሃ ሲሠራ ውሃው አሟሚ አይደለም፤ እንደሌሎቹ የድብልቁ አንድ አካል ነውና ይገባል። የዚያ ኬ 4 ገደማ ነው፣ ውሃውን ከረሳችሁት አታገኙትም። (ኤል) አይቶ በደመነፍስ መሰረዝ አይሆንም ማለት ነው።

(ኤኪው) ወይስ ዝቃጭ

ሁለት ሙሙት ስትቀላቅሉ ምርቶቹ ሁሉ (ኤኪው) ይሆናሉ ብላችሁ አትገምቱ። የሟሟሚነት ሕጎቹን ማወቅ ግድ ነው፦ የሶዲየም፣ የፖታሲየምና የአሞኒየም ጨዎች፣ እንዲሁም ናይትሬቶች በሙሉ ይሟሟሉ፤ ሲልቨር ክሎራይድ፣ ባሪየም ሰልፌት፣ ካልሲየም ካርቦኔት አይሟሙም። ብርጭቆው አጠገባችሁ ካለ ግን ዓይናችሁ ይበቃል። ቴስት ቲዩቡን ጽሑፍ ላይ ደግፉት። ከኋላ ያለው ፊደል ጥርት ብሎ የሚነበብ ከሆነ (ኤኪው) ነው፣ ሰማያዊም ሆነ ቢጫ ግድ የለም፤ ከደፈረሰ ያልሟሟ ነገር አለ። ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ብቻ ከመጥቆሩ የተነሳ ያታልላል፤ ውሃ ጨምሩበትና ታያላችሁ፣ ወይን ጠጅ ግን ጥርት ያለ ነው።

ሌድ ናይትሬት (ኤኪው)ን ከፖታሲየም አዮዳይድ (ኤኪው) ጋር ስትቀላቅሉ ወዲያው ደማቅ ቢጫ ሌድ አዮዳይድ (ኤስ) ይዘቅጣል። ብዙ ውሃ ጨምራችሁ ካሞቃችሁት ቢጫው ይጠፋል፤ ያው ሌድ አዮዳይድ (ኤኪው) ሆነ። ሲቀዘቅዝ የወርቅ ብናኝ የመሰሉ ስስ ክሪስታሎች እያብለጨለጩ ይወርዳሉ፤ ተመልሶ (ኤስ)። ሌድ መርዛማ ስለሆነ ጓንት አድርጉ፣ ቧንቧ ውስጥም አትድፉት።

ክሪስታል ውስጥ ያለ ውሃ ደግሞ (ኤኪው) አያሰኝም። ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት በአንድ ቀመር 5 ውሃ ይዟል፤ ግን ደረቅ ጠጣር ነው፣ (ኤስ)። ውሃው የተደረደረ የክሪስታሉ አካል ነው እንጂ ማንንም አላሟሟም።

አሟሚው ውሃ ካልሆነ (ኤኪው) አይጻፍም። ሄክሴን ውስጥ የሟሟ አዮዲን ወይን ጠጅ ቀለም አለው፣ ግልጽ ሙሙት ነው፣ ግን (ኤኪው) አይደለም። ቅንፉ ውስጥ የአሟሚውን ስም ጻፉበት፦ አዮዲን (ሄክሴን ውስጥ)። አሞኒያ (ኤል) ውስጥ ሟሙቶ ጥቁር ሰማያዊ የሚሆነው ሶዲየምም እንዲሁ።

እስኪ ሞክሩ

መልሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ከዚህ በታች ያሉትን አራት ሥሩ።

ሶዲየም ውሃ ላይ ሲጣል፦ ሶዲየም (ኤስ) + ውሃ (ኤል) → ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ኤኪው) + ሃይድሮጅን (ጂ)። ሃይድሮክሳይዱን (ኤስ) ያላችሁ፣ ዙሪያው ሁሉ ውሃ መሆኑን ረስታችኋል።

ግሉኮስ ሲብላላ፦ ግሉኮስ (ኤኪው) → ኢታኖል (ኤኪው) + ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ጂ)። ኢታኖል ሲነድ ግን፦ ኢታኖል (ኤል) + ኦክስጅን (ጂ) → ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ጂ) + ውሃ። የመጨረሻውን ውሃ (ጂ) ብትሉ የእሳቱን ሙቀት፣ (ኤል) ብትሉ 25 ዲግሪን አስባችኋል፤ ለሁለቱም ማርክ እሰጣለሁ፣ የሙቀት ቁጥሩ ከምልክቱ ከተስማማ።

ብሮሚን ከኢቲን ጋር፦ ብርቱካንማው የብሮሚን ውሃ ከሆነ ብሮሚን (ኤኪው)፤ ከጠርሙሱ በቀጥታ የተቀዳው ቀይ ቡናማው፣ በሚሊሊትር ከ3 ግራም በላይ የሚመዝነው ከሆነ ብሮሚን (ኤል)። ጥያቄው ውስጥ «ውሃ» የምትለዋን ቃል ፈልጉ።

የኖራ ውሃ ውስጥ ትንፋሽ ሲነፋ፦ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ (ኤኪው) + ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ጂ) → ካልሲየም ካርቦኔት (ኤስ) + ውሃ (ኤል)። አራቱም ምልክቶች በአንድ መስመር ተገናኙ። መንፋቱን ካላቋረጣችሁ ድፍርሱ ተመልሶ ይጠራል፣ ካልሲየም ሃይድሮጅን ካርቦኔት (ኤኪው) ስለሚፈጠር። ለዚህኛው (ኤስ) መጻፍ የምትችሉበት ቀን አይመጣም፤ ውሃውን አትንናችሁ ልታደርቁት ብትሞክሩ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያመልጣል፣ ዕቃው ሥር የምታገኙትም ያንኑ ነጭ ካልሲየም ካርቦኔት ነው።